ስለዚህ

ሥራዬ መጻፍ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፣
ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ጥግ ወንበር የሰጠኝ።
ሌላው ሲናገር አቀርቅሬ፣
ሌላው ሲያጨበጭብ ወረቀት ቆጥሬ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእርሳስ ኖሬ።
ሰብሳቢው «ጸደቀ» ሲሉኝ ነው ብዕር የማነሳው፤
እስከዚያ የሰው ቃል ሁሉ ላጲስ ነው ጌታው።

ያን ማክሰኞ ዝናብ ነበር። የፒያሳ መንገድ ጭቃ።
ዶክተር እንጉዳይ ገባች፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ።
ከአራት ኪሎ በእግሯ መጥታለች፤
ጫማዋ ነገረን፣ እሷስ ምን ብላለች።
አሥራ አንድ ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤
ሁሉም የቀበና ውሃ። ሁሉም ጥርት ያለ። «ጠጡልኝ» አላለች።
ወረቀት አወጣች፤ አነበበች፦

«ከድልድዩ በላይ የባትሪ ማቅለጫ፣
ከድልድዩ በታች የሕፃናት መራጫ፤
ከስልሳ ልጅ ደም
በአርባ ሁለቱ እርሳስ አለ። ሦስቴ ለካሁ፤ አልተለወጠም።»

ጻፍኩ። አርባ ሁለት። እርሳስ። በእርሳሴ።
እጄ ትንሽ ቆመ። ቃል ብቻ ነው አልኳት ለነፍሴ።

ዝም አሉ ሁሉም። ቁጥር ያስከብራል፤
ቁጥር የተጠራ እንግዳ ነው፣ ወንበር ይሳብለታል።
ከዚያ ግን ወረቀቷን አጠፈችና፣
መነጽሯን ገፋ አደረገችና፣
«ስለዚህ» አለች፣
«ስለዚህ ማቅለጫው ይዘጋ። ዛሬ። ሠራተኞቹም ይመርመሩ፣ ደመወዝ ሳይጎድል።»
አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ፣ ከጥግ ጥግ ጉርምርምታ ሲል።

ፕሮፌሰር በሻህውረድ እጃቸውን አነሡ፤
ሚዛን አያያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፣ ያንን አልረሱ።
«ልጄ» አሏት በቀስታ፣
«ሚዛን ምላስ የለውም፤ ምላስ ያበቀለ ሚዛን ማን ያምነዋል ላፍታ?
እኛ የምንታመነው ምንም ስለማንፈልግ ነው፤
ዛሬ ማቅለጫ ብታዘጊ፣ ነገ ቁጥርሽን ሰው ‹የወገነ› ነው የሚለው።»
እውነት አላቸው። እኔም ጻፍኩት።
ከኋላ አንዱ «ለምርጫ ልትወዳደር ነው!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁን ተውኩት።
ከጤና ቢሮ የመጣችው፣ አንገቷን ደፍታ፦
«ሐኪም ትኩሳት ለክቶ፣ ‹አርባ ደርሷል› ብሎ ይሄዳል ወይ በሰላምታ?»

እንጉዳይ ወደ መምህሯ ዞረች፦
«ጋሼ፣ ሚዛኑን እኔ አልነካሁትም፤
የለካሁት ይኸው፣ ደግሞ ይለካ፣ አልቀየምም።
ግን ደም ስቀዳ፣ አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ‹ለምንድን ነው?› አለችኝ።
‹ለማወቅ› አልኳት። ‹አውቀሽስ?› አለችኝ።
ያቺ ‹ስ› ናት፣ ጋሼ፣ እስከዚህ በእግሬ ያስኬደችኝ።»

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ፤ ጉሮሮ ጠረጉ።
ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማስታረቅ ነው የሚፈልጉ።
ወደ እኔ ዞረው፦ «ቁጥሩ ይመዝገብ።
‹ስለዚህ› የሚለው ይውጣ፤ ከዚያ በታች ያለው አይነበብ።»

ላጲሱን አነሳሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የታዘዘ እጄን አየሁ።
በእርሳስ የተጻፈ በላጲስ ይጠፋል፤
አጥንት ላይ የሰፈረው እርሳስ በምን ይፋቃል?
«እርሳ» ይላል ሥራዬ፤ «እርሳስ» ይላል ደሙ፤
በአንዲት ፊደል ተለያይተው ሁለቱ ፊቴ ቆሙ።

ፋቅሁት። አልዋሽም።
ላጲስ ግን ሙልጭ አያደርግም፤
ወረቀቱን ወደ መስኮት ብታዘነብሉት
የቃሉ ቦይ አለ፣ በጣት ብትዳብሱት።

ሲበተን፣ ፕሮፌሰሩ አምስቱን ጠርሙስ ያዙላት፤
ደረጃውን ወርደው እስኪያልቁ አንድ ቃል አልነገሯት።
ዝናቡ አላባራም። አንዱን ጃንጥላ ለሁለት።

እኔ በማግስቱ በብዕር ስገለብጥ፣
ከአርባ ሁለት ደርሼ፣ አራት ነጥብ ላስቀምጥ
እጄን ዘረጋሁ፤ መለስኩት።
ነጠላ ሰረዝ ጣልኩና ባዶውን መስመር ተውኩት።
ማንም አላየኝም፤ ፈርመውበታል። መዝገቡ ውስጥ ዛሬም እንዲህ ይላል፦
በአርባ ሁለቱ ልጆች ደም ውስጥ እርሳስ ተገኝቷል፣